የተማረ እንጨት

የእህቴን ሞት የሰማሁት ጓሮዬ ቁጭ ብዬ የበር ማጠፊያ በነጭ ጋዝ ስዘፈዝፍ ነው። ማጠፊያዎቹ ሦስት ናቸው። ራሷ ናት በጨርቅ ቋጥራ ያመጣችልኝ፤ "ፔርኗቸውን አውጥተሽ፣ ገልብጠሽ መልሺልኝ፤ ጣትሽ ከእኔ ጣት ይሻላል" ብላ። ፔርኖ የምንለው በማጠፊያው መሐል አልፎ ሁለቱን ክንፍ አንድ ላይ የሚይዘውን ዘንግ ነው። ሁለቱ ብዙ ሳያስቸግሩኝ ወጡ። ሦስተኛውን ዝገት በልቶት ስለነበር በመዶሻ ጫፍ እየነካካሁ፣ መልሼ እየነከርኩ፣ እየሰደብኩትም ጭምር ሳለሁ ጋሪ ነጂው በጓሮ በር ገባ።

ጋሪ ነጂው ሰው ቤት ሲመጣ ከመንገድ ጀምሮ የሚጮኽ ሰው ነው። ያን ቀን ድምፁን አላሰማም። ቆቡን በእጁ ይዟል።

"ጫናችኋት?" አልኩት። በዚያ ጠዋት ከእህቴና አብሯት ከሚሠራው አናጺ ጋር አንዲት በር ጭነው ወደ ሰፈራችን ልብስ ሰፊ ቤት ሊወስዱ ተቀጣጥረው ነበር።

"አልጫንናትም።"

"ምነው?"

"የግቢው በር ዝግ ነው" አለና መሬት መሬት አየ። "አናጺው በአጥር ዘሎ ገባ። ከዚያ ወደ አንቺ ላከኝ።"

የግቢያችን በር ፀሐይ ከወጣ በኋላ ዝግ ሆኖ አያውቅም፤ በአባቴም ጊዜ፣ በእሷም ጊዜ። ስለዚህ ሌላ ነገር እንዲነግረኝ አልጠየቅሁትም። እሱ ግን "በእንቅልፏ ነው፤ ምንም አልተንገላታችም" አለ።

እጄን በሳሙና ታጠብኩ፤ ደግሜም ታጠብኩ። ነጭ ጋዝ ግን ቶሎ አይለቅም። ፊቷን የዳሰስኩት በዚያው እጄ ነው። ብትሰማኝ ኖሮ "ምነው ጋዝ ቀባሽኝ፤ ዝጌያለሁ እንዴ?" ትለኝ ነበር።

ሰፈሩ የሚያውቃት "ባለበሯ" በሚለው ስም ነው። እኔ ታናሿ ስለሆንኩ እትዬ እላታለሁ። ሥራዋ፣ ከእሷ በፊትም የአባታችን ሥራ፣ ከሚፈርስ ቤት በርና መስኮት ገዝቶ፣ አክሞ፣ አዲስ ቤት ለሚሠራ ሰው መሸጥ ነው። "አክሞ" የሚለው ቃል የእሷ ነው። "ጠግኖ" ያላት ሰው እንደሆነ ቅር ይላታል። "የሚጠገን ጫማ ነው" ትላለች።

አያታችን የጀመረው በሚስማር ነው። ቤት ሲፈርስ ሌላው ሰው ቆርቆሮውንና ወራጁን ሲሻማ እሱ ጎንበስ ብሎ የጎበጠ ሚስማር ይለቅም ነበር አሉ። ድንጋይ ላይ አጋድሞ በመዶሻ ያቀናዋል፤ ሚስቱ ደግሞ በየቁመቱ ለይታ በጣሳ በጣሳ ታስቀምጠዋለች። ሰው ሲስቅበት "የጎበጠ ሁሉ ሞተ ያለው ማነው?" ይል ነበር፤ በስተርጅና የገዛ ወገቡ ሲጎብጥም ይህንኑ ቃል ለራሱ ተጠቀመበት። አባታችን ከሚስማር ወደ በር አደገ። ቅድም ዝግ ሆኖ ተገኘ ያልኩት ግቢ ያኔ የተገዛ ነው።

ግቢው ሲገቡ በስተቀኝ በሮቹ ግድግዳ ተደግፈው እንደ መጽሐፍ ተደርድረዋል። በስተግራ መቃኖቹ አሉ። ከኋላ፣ ከክፍክፉ ሥር፣ የመስኮቶቹ ቦታና የአናጺው ጠረጴዛ ነው። ከጠረጴዛው በላይ ባለው ግድግዳ ላይ በራቸው የጠፋ ቁልፎችና ቁልፋቸው የጠፋ ጓጉንቸሮች ጎን ለጎን ተንጠልጥለዋል፤ አንድ ቀን ይተዋወቁ ይሆናል በሚል። ከዚህ ግቢ የሚጣል ነገር የለም። የመጋዝ ዱቄቱን ዶሮ የምታረባው ጎረቤታችን ትወስደዋለች። የተሰበረው መስታወት ተቆርጦ ለፎቶ ይሆናል። ከቁርጥራጩ እንጨት አናጺው ሽብልቅ ይጠርብና በር ላይ ባለ ቅርጫት ውስጥ ያኖረዋል፤ የፈለገ ያነሳል። በሰፈራችን የሚወዛወዝ ጠረጴዛ ካለ የባለቤቱ ስንፍና ነው።

አባባ ሁለት ሕግ ነበረው። አንደኛው፣ በርና መቃኑ አይፋቱም። መቃኑ ግድግዳው ውስጥ የሚቀረው፣ በሩ ገብቶ የሚዘጋበት እንጨት ነው። አንድ ላይ ብዙ ሲኖሩ አንዱ ሲያብጥ ሌላው ቦታ እየለቀቀ፣ አንዱ ሲኮማተር ሌላው እየተጠጋ ይላመዳሉ። ከተለያዩ ግን ሁለቱም ባዕድ ቤት ገብተው ሲጢጥ ሲሉ ነው የሚኖሩት። ገዢ መጥቶ "በሩን ብቻ ስጠኝ" ሲለው አባባ "ባልየውንስ ማን ላይ ልጣለው?" ይለዋል።

ሁለተኛው ሕግ፣ እንጨት አይነድም። የፈለገ ቢሰባበር ከግቢው ወደ እሳት የሚሄድ እንጨት የለም።

ከሕጎቹ ሌላ አንድ ቃል ነበረችው። "አሮጌ" አይልም፤ "የተማረ" ነው የሚለው። "ይሄ የተማረ እንጨት ነው"፣ "ያቺን የተማረች መስኮት አምጫት" ይላል። ለምን እንዲህ እንደሚል አስረድቶ አያውቅም። እኔ የገባኝ በዚህ መንገድ ነበር፦ አዲስ እንጨት ገና ጀማሪ ነው፤ ፀሐይ ሲያይ ይጣመማል፣ ዝናብ ሲያይ ያብጣል። አሮጌው ሁሉን አይቶ ጨርሷል፤ ስለዚህ የተማረ ነው። ማንም ሰው እንደዚህ ይረዳዋል ብዬ አስባለሁ።

በዚህ ቃል ምክንያት ትዳሬ ሊቀር ነበር። ባለቤቴ ሊያገባኝ አስቦ አጎቱን ወደ ቤታችን በላከ ጊዜ ሰውዬው ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ጉሮሮውን ጠረገና "ልጃችን የተማረ ነው" አለ።

አባባ ፊቱ ጠቆረ። "ስንት ቤት ገብቶ ወጥቷል?"

"እንዴት ማለትዎ ነው?"

"የተማረ ነው አላሉኝም?"

"አዎን፤ እንዲያውም በጣም የተማረ ነው!"

"የእኔ ልጅ እኮ አንድም ቤት አልገባችም" አለ አባባ። "ደግሞስ እንዲህ በጣም ከተማረ ነቀዝ አይጠፋውም።"

እትዬ ከጓዳ ሆና ስትሰማ አፏን በመሐረብ ይዛ ነበር። በመጨረሻ አልቻለችም፤ ወጥታ "አባባ፣ ተማሪ ቤት የገባ ማለታቸው ነው!" አለችና እዚያው ደፍ ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ድረስ በቤተሰባችን ስሙ "የተማረው" ነው። እሱም ለምዶታል፤ ጉልበቱን ሲያመው "ነቀዙ ተነሳ" ይላል።

እትዬ በዚያን ጊዜ ከባሏ ተለያይታ ከተመለሰች ቆይታለች። ስትመለስ የያዘችው አንድ ሻንጣ ብቻ ነበር። አባባ የግቢውን ትልቅ በር ሁለቱንም ክንፍ ከፈተላት። ሁለቱን ክንፍ የሚከፍተው ለጋሪ ብቻ ነው። እማማ "ለአንድ ሻንጣ ምን አስከፈተህ?" ስትለው "ጠባብ መስሏት እንዳትመለስ" አላት። ስለ ትዳሯ ከዚያ በኋላ አልተወራም። በማግስቱ የአባባን የድሮ ካፖርት ለብሳ፣ እጅጌውን ጠቅልላ፣ መጋዙን ይዛ ወጣች።

ከእኛ ሁሉ እጇ ለሥራው የተፈጠረ እሷ ነበረች። አንድ በር ሲመጣ መጀመሪያ ታንኳኳዋለች። እንደ እንግዳ፣ በጣቷ አጥንት፣ ቀስ ብላ። ከዚያ ጆሮዋን ታስጠጋለች። ውስጡ ምስጥ የገባበትን ከሌላው በድምፁ ትለየዋለች። አናጺው ከበሩ ጀርባ ተደብቆ "ማነው?" ሲላት "እኔ ነኝ፤ ውስጥ ሰው አለ ወይስ አንተ ብቻ ነህ?" ትለዋለች። ገዢ ሲመጣም አስቀድማ የምትጠይቀው ልኩን አይደለም፤ ቤቱ ውስጥ ማን ማን እንደሚኖር ነው። ሽማግሌ ላለበት ቤት ቀላሉን በር ትመርጣለች። ልጆች ለበዙበት ቤት ደግሞ ከታች በኩል መስታወት የሌለውን። አንዲት ብቻዋን የምትኖር ሴት "የሚያምር ስጪኝ" ስትላት "የሚያምረውን ኋላ ታያለሽ፤ መጀመሪያ ከውስጥ መወርወሪያው የሚጠብቀውን እንይ" ስትላት ሰምቻለሁ።

ግን ገና በመጣች በመጀመሪያው ክረምት ተሳሳተች። ይህ ጽሑፍ በሙሉ የዚያች ስሕተት ነገር ነው ማለት ይቻላል።

አባባ ወረቀት ላይ የሚጽፍ ሰው አልነበረም፤ ምልክቱን በመሮ እንጨቱ ላይ ይቀርጸዋል። በሩ ያለው መቃን ከሆነ ቅርጹ ከላይ፣ በጉበኑ በኩል ነው። በሩ ጠፍቶበት ብቻውን የቀረ መቃን ከሆነ ቅርጹ ከታች፣ በእግሩ በኩል ነው። "ባለትዳር ቀና ይላል፤ ብቸኛ መሬት መሬት ያያል" ይል ነበር። በዚያ ክረምት አባባ ወገቡን ታሞ ተኝቷል። አንድ ግንበኛ መጣና መቃን ብቻ እንደሚፈልግ ተናገረ። እትዬ ከታች ምልክት ያለበትን አንድ ጥሩ መቃን መርጣ ሰጠችው። ከላይም ከታችም እኩል እንጨት ያለው፣ በየትኛውም በኩል ቢቆም ልዩነት የሌለው ዓይነት ነበር። ግንበኛው ተሸክሞት ሄደ። ማንነቱንም ወዴት እንደሚሄድም የጠየቀው የለም።

መቃኑ ተገልብጦ ነበር የቆመው። በጭንቅላቱ። ከታች ያየችው ምልክት የላይኛው ምልክት ነው። በሩ፣ አንዲት ሰማያዊ ቀለም የተቀባች ከባድ በር፣ በስተቀኝ ከሌሎቹ ጋር ተደግፋ ቀረች።

አጎታችን፣ የአባባ ታናሽ ወንድም፣ በዚያን ጊዜ እዚያው ግቢ ይሠራል። ግቢው ለእሱ እንደሚቀር ነበር ሐሳቡ። ነገሩን ሲሰማ በአናጺው ፊት፣ በገዢዎች ፊት፣ እጁን አጨብጭቦ "እንግዲህ በዚህ ግቢ ሁለት ፈት ሆናችኋል!" አላት።

እኔ ያን ጊዜ ፊቷን ማየት ፈርቼ ነበር። እሷ ግን ወደ ሰማያዊዋ በር ሄደችና አንኳኳቻት። ጆሮዋን አስጠጋች። "እሺ ብላለች" አለች። "ስሟ ፈቷ ይሁን።" ከዚያ ቀን ጀምሮ በሯ ፈቷ ተባለች፤ አጎቴም ያቺን ቃል በእህቴ ላይ ዳግመኛ መወርወር አልቻለም፤ ቢወረውር በሯ ላይ ነው የምታርፈው።

"ፈቷን ከባሏ ጋር ሳልድራት አልሞትም" ትል ነበር። እንደ ቀልድ ነው የምትለው፤ ቀልድ እንዳልሆነ ግን ሁላችንም እናውቃለን። በሯን በአዲስ መቃን አሠርተው ሊወስዱ የፈለጉ ገዢዎች መጥተዋል። ሁሉንም ከደጅ መለሰቻቸው። እሷ ያለያየችውን እሷ ልታገናኝ፣ ነገሩ ይኸው ነው። የአባባ የመጀመሪያው ሕግ የተሰበረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የተሰበረውም በእጇ ነው።

መቃን ማየት ጀመረች። የትም ትሂድ የት፣ ሠርግ ቤት ይሁን ሐዘን ቤት፣ ስትገባ ቀና ብላ ጉበኑን ታያለች፤ እጇን ዘርግታ ጥግ ጥጉን ትዳስሳለች። አንዲት ጎረቤታችን "ከአንጀቴ እንኳን ደህና መጣሽ ስላት እሷ መቃኔን ስማ ገባች" ብላ ተቀይማለች። እማማ በአንድ ወቅት "አንቺ ልጅ፣ አንገትሽ እንደዚያው ቀና ብሎ ይቀራል" ብላታለች። እንደ እውነቱ ከሆነ ስታረጅም አንገቷ ቀና ያለ ነበር።

ሰው ሁሉ የብረት በር የፈለገበት ጊዜ መጣ። ግቢያችን ጭር አለ። ሰው መጥቶ በሮቹን በእግሩ ነካ እያደረገ "ለማገዶ ነው?" ብሎ ይጠይቅ ነበር። አባባ ያን ጊዜ ከአልጋ የሚነሳው አልፎ አልፎ ነው። አጎቴ ከአንድ ዳቦ ጋጋሪ ጋር ተነጋገረና መኪና አስመጣ። ከገበያ ስመለስ መኪናው ግማሹ ሞልቷል፤ ከላይ የተጫነችው ፈቷ ናት።

እትዬ ካፖርቷን አውልቃ ለእኔ ሰጠችኝ፤ በጎማው በኩል ረግጣ ወጣችና በሯን ማውረድ ጀመረች። አናጺው ከታች ተቀበላት።

"ኧረ ሴትዮ!" አለ ጋጋሪው። "ምድጃዬ ይጠብቃል እኮ!"

"ይጠብቅ" አለችው ከላይ ሆና። "እነዚህ የተማሩ ናቸው።"

"የተማሩ ቢሆኑስ? የተማረ አይነድም?"

"አንዴ ከተማረ በኋላ ማን ያነደዋል?"

ጋጋሪው ግራ ገብቶት አጎቴን አየው። አጎቴ ደግሞ "አንዷ ፈት ሌላዋን አወረደቻት" ብሎ ሊስቅ ሞከረ፤ የሳቀለት ግን አልነበረም። የቀረውንም አወረዱ። ነቀዝ ጨርሶ የበላውን፣ ሲነኩት የሚፈርሰውን ብቻ ለጋጋሪው ተወችለት፤ "ይሄ የራሱን ዕድሜ ጨርሷል" ብላ። አጎቴ በዚያው ወር ሌላ ሥራ ይዞ ሄደ። አባባ የግቢውን ቁልፍ ከትራሱ ሥር አውጥቶ የሰጣት ከዚያ በኋላ ነው።

በዚያ ማታ ካፖርቷን ስመልስላት "አንዴ ከተማረ በኋላ ማን ያነደዋል ማለት ምን ማለት ነው?" አልኳት።

"ምን ማለት ይሆናል? ከእሳት ተማረ። ምሕረት አገኘ።"

"ኧረ እትዬ! የተማረ ማለት ያወቀ ማለት አይደለም እንዴ? ትምህርት?"

ቆም ብላ አየችኝ። "ይሄን ሁሉ ዘመን ትምህርት ነበር የሚመስልሽ?"

"አንቺስ ይሄን ሁሉ ዘመን ምሕረት ነበር የሚመስልሽ?"

ልንጠይቀው ወደ አባባ ክፍል ገባን፤ ተኝቶ ስለነበር ተመለስን። ሌላ ቀን ደግሞ ረሳን። እሱ ካለፈ በኋላ ማን ይዳኘን? ዕድሜያችንን ሙሉ ተከራከርንበት። እኔ አንድ በር ሳይጣመም ሲቀር "አየሽ፣ ትምህርት" እላታለሁ። እሷ ከአንድ ፍርስራሽ በሮች ጭና ስትመለስ "አየሽ፣ ምሕረት" ትለኛለች።

አባባ ሊሞት ሰሞን እኔ እግሩን እያሸሁ፣ እሷ ትራሱን እያስተካከለችለት ሳለን ድንገት "ያን መቃን ገልብጬ ያቆምኩት እኔ ነኝ" አለ። "ወገቤን አሞኝ ነበር። ከጋሪው ሳወርደው ማዞሩ ከበደኝ፤ ነገ አዞረዋለሁ ብዬ እንደዚያው ተውኩት።"

"አውቃለሁ" አለችው።

"እያወቅሽ ነው አጎትሽ ሲሰድብሽ ዝም ያልሽው?"

"ገልብጠህ ያቆምከው አንተ ነህ። ያነበብኩት ግን እኔ ነኝ" አለችና ብርድ ልብሱን እስከ አንገቱ ሳበችለት።

መቃኑ የተገኘው ባለፈው ዓመት ነው። የካፖርቷ ቁልፍ ተነቅሎ፣ ከእኔ ቤት እሷ ቤት በሚያደርሰው መንገድ ኩርባ ላይ ያለው ልብስ ሰፊ ዘንድ ገባች። ሰውዬውን እናውቀዋለን፤ ቤቱ ግን ገብተን አናውቅም ነበር። በሩ ስስ ቆርቆሮ ነው። ነፋስ ሲነሳ የቆረጠው ጨርቅ ሁሉ ስለሚበተን ጨርቁ ላይ መቀሱን፣ መተኮሻውን፣ አንዳንዴም ጫማውን ይጭንበታል።

"ጋሼ፣ ቁልፍ ይተክሉልኛል?"

"ባለበሯ ቁልፍ ጠፋባት! ጉድ እኮ ነው! የዚህን ሰፈር ቁልፍ ሁሉ ግድግዳ ላይ ሰቅለሽ፣ የራስሽን ከእኔ ትፈልጊያለሽ?"

እንዲህ እያለ ሲቀበላት ቁልፉ ከእጁ አመለጠና ተንከባሎ በሩ ጥግ ገባ። እህቴ ልታነሳው በጉልበቷ ተንበረከከች። አልተነሳችም።

"ምነው እህቴ፣ ወገብሽን ያዘሽ እንዴ?"

"አንዴ ጋሼ።" በጣቷ ከደፉ ላይ አቧራውን ትጠርጋለች፤ ከሥሩ የአባባ የመሮ ቅርጽ ወጣ። "ይሄን መቃን ማን አመጣው?"

"አባቴ ቤቱን ሲያሠራ ግንበኛው ይዞት የመጣ ነው። ምነው?"

"ተገልብጧል።"

"ምኑ?"

"መቃኑ። በጭንቅላቱ ነው የቆመው።"

"እኔ እዚህ ቤት ስኖር" አለ ልብስ ሰፊው፣ "አንድ ቀን እንኳን አዙሮኝ አያውቅም።"

ግንበኛው መቃኑ ግቢያችን ውስጥ ቆሞ እንደነበረ፣ እንደዚያው ወስዶ፣ እንደዚያው ገንብቶታል። ያን ሁሉ ዘመን የባለትዳር ምልክት ከላይ ነው ብላ ጉበን ጉበኑን ስትፈልግ ምልክቱ እግር ሥር ነበር። በየቀኑ በደጁ ታልፍ ነበር።

ከዚያ በቀጥታ እኔ ቤት መጣች፤ ካፖርቷ እንደተከፈተ፣ ቁልፉን በመዳፏ ጨብጣ። "አገኘሁት" አለች።

"ቁልፉን?"

"ባሏን።"

አናጺው ሄዶ አየና አንድ መንገድ ብቻ ታየው፤ ግድግዳውን ነድሎ መቃኑን ማውጣትና ማዞር። እሷ እምቢ አለች። "የሰው ቤት አናፈርስም። እኛ የፈረሰ ነው የምንለቅመው።" ብዙ ቀን አሰበች። ፈቷ ፊት ወንበር አስቀምጣ ትቀመጥና በሯን ስታይ፣ አንገቷን ወደ ጎን ስታዘነብል አገኛት ነበር። አንድ ቀን "እሷ ትገልበጥ" አለች። "መቃኑ በጭንቅላቱ ከቆመ እሷም በጭንቅላቷ ትቁም። ሁለቱም ከተገለበጡ ማን ያውቅባቸዋል?" የማጠፊያዎቹም ቦታ እንደዚያ ሲሆን ልክ ይገጥማል። የሚቀረው ፔርኖዎቹን ማዞር ነው፤ በሯ ስትገለበጥ ባሉበት ከቀሩ ተንሸራተው ይወድቃሉ።

ልብስ ሰፊው ቅር እንዳይለው ፈርታ ራሷ ሄዳ ነገረችው። እጀታዋ ትንሽ ዝቅ ብሎ እንደሚውል፣ የቁልፉ ቀዳዳም ወደ ላይ እንደሚዞር ነገረችው። "ኧረ ተገልብጣም ቢሆን ትምጣ!" አለ። "እኔ ያለቀ ኮሌታ እየገለበጥኩ አይደል ልጆቼን ያሳደግኩት? የተገለበጠ ኮሌታ ከአዲሱ በላይ ይቆያል።" ከዚያ በኋላ ወዳጅ ሆኑ። እሷም ከሌላ ሰው በዚህ ሥራ ላይ እንዲህ ያለ መልስ እንዳልሰማች ደጋግማ ነግራኛለች።

ፈቷን መላጊያ አላስነካቻትም። አጠበቻት፤ ሰማያዊው ቀለም በቅርፊት የተነሳበትን ብቻ በብርጭቆ ወረቀት አለዘበችው። ልኳን በክር ወሰደች። ክሩን ልብስ ሰፊው ቤት ይዛ ሄዳ በአራቱም ጥግ ሞከረችው፤ ገጠመ። ከመሰቀሏ በፊት ከቤቱ አየር ጋር እንድትላመድ ጥቂት ቀን እዚያው ተደግፋ ትቆያለች ተባለ። ማጠፊያዎቹን ለእኔ ሰጠች። የመጨረሻው ቀን ስትመጣ ሦስተኛው እምቢ እንዳለኝ ነገርኳት፤ "በሁለቱ ስቀሏት" ብላትም አልሰማችኝም።

"በሁለት ማጠፊያ የተሰቀለ በር ዛሬ ይዘጋል፤ ነገ ያዘነብላል" አለች። "አትቸኩዪ። ይሄን ያህል የጠበቀች ትንሽ ትጠብቅ።" ደጅ ድረስ ሸኘኋት። ካፖርቷ ላይ ቁልፉ ተተክሎ ነበር፤ ልብስ ሰፊው በቀይ ክር ነው የተከለው፤ ሌላ ክር አጥቶ ሳይሆን ለቀልድ።

ሊያጽናኑን የመጡት ሰዎች ከግቢው አልፈው እስከ መንገድ ነበሩ። ብዙዎቹን አላውቃቸውም። አንዱ "የቤቴን በር የሰጠችኝ እሷ ናት" ይላል፤ ሌላዋ "መወርወሪያው አንድ ቀን አላስቸገረኝም" ትላለች። ሁሉም ሲገቡም ሲወጡም "ነፍስ ይማር" ይላሉ። ይህን ቃል ዕድሜዬን ሙሉ ለሌሎች ስል ኖሬያለሁ። በዚያን ቀን ግን ሲደጋገም ሰማሁትና ክርክሩን እንደተረታሁ ገባኝ። ለእሷ ልነግራት ፈልጌ ዞር አልኩ።

አጎቴም መጣ። አርጅቷል፤ በከዘራ ነው የሚሄደው። ከሰዎቹ ተለይቶ በሮቹ ወዳሉበት ሄደና ፈቷ አጠገብ ቆመ። ሳየው በጣቱ አጥንት ሁለት ጊዜ አንኳኳት። ሲወጣ እጄን ይዞ "መቼ ነው የምትሰቀለው?" አለኝ እንጂ ሌላ ነገር አላነሳም።

የግቢውን በር አሁን ጠዋት ጠዋት የሚከፍተው አናጺው ነው። ባለቤቴ ከሥራ ሲወጣ እየመጣ ሚስማር ያቀናል፤ ለተማረ ሰው ደህና ያቀናል። ግቢው ለማን እንደሚቀር ገና አልተነጋገርንም። ካፖርቷ የአናጺው ጠረጴዛ አጠገብ ተሰቅሏል።

ሁለቱን ማጠፊያ ፔርኖዎቻቸውን ገልብጬ፣ ዘይት ቀብቼ በጨርቋ ቋጥሬያቸዋለሁ። ሦስተኛው አሁንም ነጭ ጋዝ ውስጥ ነው፤ ፔርኖው አልወጣም። ፈቷ ግቢው ውስጥ እንደተደገፈች ናት፤ የልብስ ሰፊው በር ያው ቆርቆሮ ነው።